እትዬ ባንቺና የዚምባብዌ ራግቢ

ባንቺ ሰው ትጠይቃለች። ሲባል ቀላል ይመስላል። ሰቆጣ መናኸሪያ በር ላይ፣ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል በምትሸጥበት ያለፈ ሰው ግን ነገሩን ቀምሶታል። የወልድያው አውቶቡስ ገና ትንፋሹን ሳይሰበስብ እሷ ጀምራለች። «ከየት ነው የኔ ልጅ? ለለቅሶ ነው ለሰርግ? ያ በገመድ የተጠፈነገው ካርቶን ምን አለበት?» መልስ ካላገኘች እንቁላሉን አትልጥም። አንድ ጊዜ ቦርሳ ያነገተ ሰውዬ፣ ስብሰባ ረፍዶበት እንደ ፍየል እየዘለለ መጣና «እናቴ፣ እኔ የፈለግኩት እንቁላል ነው፣ ቃል ልሰጥ አልመጣሁም» አላት።

«እየላጥኩልህ አይደል? ስብሰባው ስለ ምንድነው?»

ነገራት። ምን ያድርግ፣ ርቦታል።

የባጃጅ ሾፌሩ ይሄይስ «መርማሪዋ» ነው የሚላት። ተራ እየጠበቀ ከፊቷ ይቆምና «መርማሪዋ፣ ዛሬ ማን አመነ?» ይላታል። እሷም አትተኛለትም። «አንተ ብቻ ነህ የቀረኸኝ። ያቺን ልጅ ልታገባት ነው ወይስ ዕድሜ ልክህን በባጃጅ ልትሸኛት?» ስትለው ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል፣ ይሄይስ ባጃጁን አስነስቶ ይጠፋል።

ክፋት የለባትም እኮ። የሰው ነገር ይገርማታል፣ በቃ። የተወለደችው ቆላ ነው፣ አበርገሌ፣ ከኒሯቅ ወዲያ። አፏን የፈታችው በኽምጣኛ ነው፤ አማርኛውን ከገበያ ለቃቅማ ነው ያመጣችው። ስትናደድ ወደ ኽምጣኛዋ ትመለሳለች፤ ያኔ ቋንቋውን የማይሰማ ሰው እንኳ ዞር ማለት እንዳለበት ይገባዋል። ባሏ ከሞተ ቆየ። ያላት አንድ ልጅ ነው፣ ትእዛዙ። እሱም አጠገቧ የለም።

ትእዛዙ ደቡብ አፍሪካ እሄዳለሁ ብሎ ነው የወጣው። «አትሂድ» አለችው፣ ሄደ። ሞያሌ ደርሶ ደወለ፤ «አትሻገር» አለችው፣ ተሻገረ። አገር ካገር ሲያቆራርጥ ዚምባብዌ ገባ፣ ሐራሬ የሚባል ከተማ። እዚያ እሱንና ጓደኞቹን የሚያሻግረው ደላላ «ጠብቁኝ» ብሏቸው ጠፋ። ሲጠብቁ ሲጠብቁ፣ አንድ ቀን ትእዛዙ ከአንድ ሜዳ አጥር ውጭ ቆሞ ግዙፍ ግዙፍ ሰዎች ብረት ሲገፉ ያያል። አንዱ ሰውዬ አየውና በእጁ ጠራው፤ ና ግፋ ነው ነገሩ። ገፋ። በማግስቱም ና አሉት። ማልያ ማጠብ፣ ኳስ መንፋት፣ ውሃ ማቅረብ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የዕለት ሥራ አገኘ።

ከዚያ በፊት ሲደውል «ደህና ነኝ፣ ደህና ነሽ፣ በይ ቻው» ነበር። ሜዳው ከተገኘ ወዲህ ግን ምላሱ ተፈታ። መጀመሪያ የነገራት ቀን ገበያ ላይ ነበረች፤ ስልኩን በትከሻና በጆሮዋ መሃል ሰክታ እንቁላል ትልጣለች።

«እማ፣ ራግቢ ይባላል።»

«ምንድነው እሱ?»

«ኳስ ነው።»

«የእግር ኳስ?»

«አይ፣ በእጅ ነው የሚይዙት።»

«የእጅ ኳስ በለኛ።»

«በእግርም ይመቱታል።»

«ኧረ አንተ ልጅ፣ አንዱን ያዝ!»

«ኳሱ ደሞ ክብ አይደለም። ሞላላ ነው፣ መሬት ላይ ሲወድቅ ወዴት እንደሚነጥር አይታወቅም።»

«እና ክቡን መግዛት አቃታቸው?»

ትእዛዙ እስኪያስነጥሰው ሳቀ። ሲስቅ ከሰማችው ስንት ጊዜዋ! ከዚያ ቀን ጀምሮ መጠየቋን አልተወችም፣ እሱም መመለሱን። ሜዳው ላይ የሚለማመደው የአገሪቱ ብሔራዊ ቡድን ነው። ለዓለም ዋንጫ አልፏል፣ አውስትራሊያ ድረስ ነው የሚሄደው፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚያ መድረክ ላይ ታይቶ አያውቅም። ስለዚህ ዝግጅቱ ሌላ ነው። ጠዋት ሣር ላይ አሰላለፍ ይለማመዳሉ። ከዚያ ያንን ብረት፣ አሰልጣኙ ላዩ ላይ ቆሞበት፣ ስምንት ሆነው ይገፋሉ። ጥርሳቸው ላይ ላስቲክ ይነክሳሉ።

«እንደ ልጓም?»

«ጥርሳቸው እንዳይረግፍ ነው። ሲጨርሱ ደሞ በረዶ የሞላ በርሜል ውስጥ ይቀመጣሉ።»

«ወይ ጉድ! ወንጀላቸው ምንድነው?»

«ድካሙ እንዲወጣላቸው ነው እማ። ራሳቸው ፈቅደው ነው።»

«ማታ ምን ይበላሉ ታዲያ? የበረዶውን ብርድ የሚያስረሳ ነገር መሆን አለበት።»

እንዲህ እያሉ ከረሙ። አንድ ሐሙስ ቀን ግን ትእዛዙ ሲደውል ድምፁ ዝቅ ብሏል። ባንቺ ገና «ሃሎ» ሲል ነው ያወቀችው።

«እማ፣ ደላላው ተመልሶ መጥቷል። ሰኞ መኪና አለ። እነ ብዙነህ ሊሄዱ ነው።»

ብዙነህ አብሮት የወጣው ያገሩ ልጅ ነው። መኪናው የሚያደርሳቸው ወንዙ ድረስ ነው፤ ሊምፖፖ ይሉታል፣ ማዶው ደቡብ አፍሪካ ነው። ከዚያ በእግር፣ ውሃ ለውሃ። ባንቺ ወንዙን አታውቀውም፤ ተከዜን ግን ታውቀዋለች፣ አዞውንም ጭምር። የጎረቤቷ ልጅ ያንን ሊምፖፖ ልሻገር ነው ብሎ ከደወለ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም፤ እናቱ እስካሁን ስልኳን ከጡቷ ስር አታወጣም።

«ሥራህስ?» አለችው።

«የዕለት ነው እኮ። የልምምድ ካምፑ ይቀጥል አይቀጥል የነገረኝ የለም። ቅዳሜ የዝግጅት ጨዋታ አላቸው፣ ከጎረቤት አገር ቡድን ጋ። ካሸነፉ እቀራለሁ፣ ከተሸነፉ ሰኞ እሄዳለሁ። ለራሴ እንዲህ ብዬ ቆርጫለሁ።»

«ዕጣ ጣልክ በለኛ!»

«እንደሱ በይው።»

«እኛ አገር ዕጣ የሚጣለው በቅርጫ ሥጋ ላይ ነው ልጄ። በሰው ላይ ሲጣል የት አየህ?»

ስልኩ ተዘግቷል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ባንቺ ዕቃዋን ሰብስባ ሚፍታሕ ኳስ ቤት ገባች። ሚፍታሕ ኳስ ቤቱን የከፈተው ከቤተሰቡ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ነው፤ አግዳሚ ወንበር፣ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ግድግዳው ላይ «መሳደብ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ፤ ጽሑፉ ላይ ደሞ ስድብ። ያን ሰዓት የእንግሊዝ ጨዋታ አለ፤ ቤቱ ጢም ብሏል። ባንቺ ብቅ ስትል ጩኸቱ ቀጥ አለ። እዚያ ቤት እናት ገብታ አታውቅም፣ ልጇን ጆሮውን ይዛ ልታወጣ ካልሆነ በቀር። ሦስት አራቱ ጎረምሶች ጆሯቸውን ያዙ።

«እትዬ ባንቺ! ምነው በደህና ነው?» አለ ሚፍታሕ፣ ከወንበሩ ተነስቶ። «ማንን ፈልገው ነው?»

«ራግቢ ክፈትልኝ።»

«ምን?»

«ራግቢ። የዚምባብዌ።»

ይሄይስ ከኋላ ወንበር «መርማሪዋ ወደ ውጭ ጉዳይ ተዛወረች!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ወላሂ እትዬ ባንቺ፣ ቅዳሜ ነው እኮ» አለ ሚፍታሕ፣ ራሱን እያከከ። «ይሄን ጨዋታ ብዘጋ እኔንም ይዘጉኛል።»

እህቱ ፊርደውስ በሱቁ በር ብቅ ብላ ሁሉን ትሰማ ነበር። «ማዶ ያለችው ትንሿ ቴሌቪዥን ባዶዋን አይደል የተሰቀለችው? በኔ ስልክ ፈልገን እንሰካላት» አለች። ባንቺን አጠገቧ አስቀመጠቻትና ስልኳን ስትጎረጉር ስትጎረጉር አገኘችው። ገመዱ ሲሰካ አረንጓዴ ሜዳ ድቅን አለ።

«አረንጓዴ የለበሱት የልጄ ናቸው» አለች ባንቺ። ገና ቁጭ ከማለቷ ጀመረች። «ፊርደውስ፣ ለምንድነው የሚተቃቀፉት?»

ስምንት ባንድ ወገን፣ ስምንት በዚያ ወገን፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተሰካክተው ይገፋፋሉ። ባንቺ አንገቷን አሰገገች።

«ከስራቸው ማን አለ?»

«ማንም የለም እትዬ።»

«ሰው ሳይኖር እንዲህ ጎንበስ ይባላል? የወደቀ ሰው አለ። እያነሱት ነው።»

«ኳስ ነው ያለው። ያው ወጣ፣ አዩት?»

አየችው። ሞላላው ነገር ከእግር መሃል ሾልኮ ወጣ፤ አንዱ አነሳው፣ ደረቱ ላይ አቅፎ ሮጠ። ነጭ የለበሰ ሰው ወገቡን ይዞ ሊጥለው ሲል፣ ከኋላው ለመጣው ጓደኛው ሰጠው። ያም ሮጠ፣ ተያዘ፣ ከኋላው ላለው ሰጠ። ፊቱ ባዶ ሜዳ ነው፤ ወደፊት ግን አይወረውርም።

«ለምን ወደ ኋላ?» አለች ባንቺ። «መሄድ የሚፈልገው ወደዚያ፣ የሚሰጠው ወደዚህ!»

«ሕጉ ነው መሰለኝ» አለች ፊርደውስ። «ወደፊት በእጅ ከጣለ ዳኛው ይነፋበታል።»

«ለምን?»

«እሱን እንጃ።»

የእንግሊዙ ጨዋታ ዜሮ ለዜሮ ነው፣ የሚያዛጋ። ይሄይስ ወንበሩን ወደ ትንሿ ቴሌቪዥን አዞረ። ሌላውም አዞረ። አንድ ረጅም ሰውዬን ሁለት ጓደኞቹ ጭኑን ይዘው ሽቅብ ወደ ሰማይ ሲያነሱት አንዱ ጎረምሳ «ምን ሊያይ ነው?» አለ። ይሄይስም «ሰቆጣን!» አለ።

አረንጓዴዎቹ ተቀባበሉ ተቀባበሉና አንዱ መስመሩን አልፎ ወደቀ። ሲወድቅ ኳሱን አልወረወረም፣ አልመታም፤ በሁለት እጁ ይዞ ሣሩ ላይ አሳረፈው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው። ሜዳው በጩኸት ተናጋ።

ባንቺ ጭኗን መታች። «ገባኝ!»

«ምኑ?»

«ቃሬዛ ነው! ኳሱ በሽተኛው ነው!»

ይሄይስ ሳቁን ሊለቅ አፉን ከፍቶ ነበር፤ እሷ ግን ፊቷን ወደ ቤቱ አዙራ ማስረዳት ጀመረች።

«እኛ ጋ መኪና አይደርስም። ሰው ሲታመም ቃሬዛ ላይ ነው። አገሩ በሙሉ ይከተላል፤ የተሸከመው ከፊት፣ ያልተሸከመው ከኋላ። የደከመው ለማን ይሰጣል? ከፊቱማ ማን አለና! ከኋላ ያለው ያልደከመ ይመጣል፣ ትከሻውን ስር ይሰዳል፣ ይቀበላል፣ መሬት ሳይነካ። ጤና ጣቢያው በር ሲደርሱ ብቻ በእጅ፣ ቀስ ብለው ያሳርፉታል። ያው አሳረፉት፣ አላያችሁም?»

ሚፍታሕም ራሱ መጥቶ ቆሟል።

«እሺ፣ እነዚህ ነጭ የለበሱት ደሞ እየጎተቱ የሚጥሏቸውስ?» አለ ይሄይስ።

«ዳገቱ ነዋ!»

አሁን ሳቁ መጣ፤ ግን የማሾፍ አልነበረም። አንዱ «ወላሂ ልክ ነች» አለ፣ አንዱ «ዳኛውስ?» አለ፣ አንዱ «ዳኛው የበሽተኛው አማች ነው፣ ሥራ አይሠራ ዝም ብሎ ይጮሃል!» አለ።

ባንቺ ወደ ፊርደውስ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። «እኔ ኳስ ሆኜ አውቃለሁ።»

«እንዴት?»

«ትእዛዙን ሳምጥ። ምጡ ጠናብኝና ጫኑኝ። ሰማይ ብቻ ነው የሚታይሽ። ትከሻ ሲቀያየሩ ታውቂዋለሽ፤ አንዱ ይረዝማል አንዱ ያጥራል፣ ሰማዩ ያዘነብላል። አንዳቸውም አላስቀመጡኝም።» ከዚያ የሐሙሱን ነገር ነገረቻት፤ ሰኞን፣ መኪናውን፣ ወንዙን፣ ዕጣውን። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ኳስ ቤት ግን ሚስጥር አይይዝም፤ ወዲያው ሁሉም ሰምቷል። ከዚያ በኋላ የእንግሊዙን ጨዋታ ያየ ሰው የለም።

ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አንድ ተጫዋች ተጎድቶ ወደቀ። አንድ ቀጭን ልጅ ውሃ ይዞ ወደ ሜዳው ሮጠ። አሯሯጡ ቁልቁለት የሚወርድ ሰው አሯሯጥ ነው፤ ክንዱን ዘርግቶ፣ ተረከዙን ቆንጠጥ እያደረገ፣ በዚያ ሁሉ ለጥ ያለ ሣር ላይ።

«ልጄ!» ብላ ባንቺ ብድግ አለች። «ልጄ ነው! ፊርደውስ፣ ፊቱን አዙሪልኝ!»

ልጁ ዞር ሊል ሲል ምስሉ ቀጥ አለ። ያቺ ክብ ነገር መዞር ጀመረች፣ ጀርባው ላይ። ፊርደውስ ስልኩን ከፍ አደረገች፣ ዝቅ አደረገች፣ በር ላይ ወጣች። ይሄይስ «ሁላችሁም ዳታ አጥፉ! ስልክ የነካ እግሩን እሰብረዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። ጎረምሳ ሁሉ ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ። ክቧ ዞረች፣ ዞረች። ምስሉ ሲመለስ ልጁ የለም፣ ጨዋታው ወደ ማለቂያው ተጠግቷል፣ አረንጓዴዎቹ እየተመሩ ነው። አንዴ እስከ መስመሩ ደረሱ። ቤቱ በሙሉ «ተቀበለው! ከኋላ ነህ፣ ተቀበለው!» እያለ ጮኸ። ነጮቹ መስመሩ ላይ ደራርበው ያዟቸው። ፊሽካ ተነፋ።

ተሸነፉ።

ሚፍታሕ ነው ቀድሞ አፉን የከፈተው። «እትዬ ባንቺ፣ አሁኑኑ ይደውሉለት። አትሂድ ይበሉት።»

«አትሂድ ማለትማ መቼ አጣሁ! አትሂድ እያልኩት አይደል ሞያሌን የተሻገረ?» ስልኳን አውጥታ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ለፊርደውስ ሰጠቻትና አስደወለቻት፣ ድምፁንም ከፍ አስደረገቻት።

«አየሽ እማ?» አለ ትእዛዙ። ከኋላው የሜዳው ጩኸት ይሰማል። «ተሸነፉ።»

«አየሁ። ያ ውሃ ይዞ የሮጠው አንተ ነህ?»

«አየሽኝ?»

«ጀርባህን። ከስተሃል። በል አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ከውስጤ አልወጣ ብሎኛል። ኳሱ ለምን ወደ ኋላ ብቻ ይሰጣል?»

«ሕጉ ነው።»

«ሕግ መሆኑንማ ፊርደውስም ነግራኛለች። ማን አወጣው? ምን ብሎ አወጣው? እኔ ቃሬዛ ነው ብያለሁ፤ እዚህ ቤት ያለው ሁሉ አምኖልኛል። እነሱ ግን ምን ይላሉ?»

«እኔ እንጃ። እኔም እኮ ገርሞኝ ያውቃል።»

«አሰልጣኙን ጠይቅልኝ።»

«ፊሽካው እንደተነፋ ወጣ። እስከ ማክሰኞ አይመለስም።»

ይሄይስ አፉን በእጁ ይዟል።

«ማክሰኞ ትጠይቀዋለሃ» አለች ባንቺ፣ ሽንኩርት ግዛልኝ እንደምትል ሁሉ ቀለል አድርጋ።

«እማ፣ ሰኞ እሄዳለሁ አላልኩሽም?»

«ብለሃል። እና እኔ ይሄን ሳልሰማ ልቅር? ከብዙነህ ጋ ወንዝ ለወንዝ ስትሄድ ማን ነው የሚነግረኝ? ደላላው ራግቢ ያውቃል?»

ትእዛዙ ሊስቅ አለና ተወው። «በይ ቻው» አለ፤ እሄዳለሁም አላለ፣ እቀራለሁም አላለ።

ሰኞ ስልኩ ዝግ ነው። ጠዋትም ዝግ፣ ቀትርም ዝግ። ባንቺ መናኸሪያ በር ላይ ተቀምጣ እንቁላል ሸጠች፤ ከየት መጣህ ያለችው አንድም ሰው የለም። ተሳፋሪዎቹ እንቁላላቸውን ተቀብለው ትንሽ ቆም ይሉ ነበር፣ ያልተጠየቁት ነገር እንዳለ ሁሉ። ይሄይስ መጥቶ አጠገቧ ቁጭ አለ። «መርማሪዋ» አላላትም። «ወንዙ ሩቅ ነው እኮ እትዬ፣ ወዲያው አይደረስም» አላት። ይሄ ማጽናናት ይሁን ማስፈራራት እሱም አላወቀው። ከዚያ ቆሎ ሲቆረጥም ዋለ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። ቆሎው ተደፋ።

«እማ።»

«የት ነህ?»

«ሜዳ ነኝ። ማልያ እያሰጣሁ።»

ባንቺ መሬቱን በመዳፏ ያዘችው። «ስልክህን ለምን ዘጋህ፣ አንተ የማትረባ?»

«ብዙነህ እየደወለ እንዳያባብለኝ። ሄዱ፣ እማ። መኪናው ሄደ።» እርጥብ ማልያ ሲያራግፍ ይሰማል። «እንደተሸነፉ ሁሉም ነገር ያለቀ መስሎኝ ነበር። እነሱ ግን ዛሬ ጠዋት ብረቱን አውጥተው መግፋት ጀመሩ። የዝግጅት ጨዋታ የት እንደሚያፈስ ማያ ነው አሉ። ካምፑም ይቀጥላል።»

«ሥራህስ?»

«ነገም ና ብለውኛል። ከነገ ወዲያ ስላለው ግን የነገረኝ የለም።»

«ይሁን። ሰውዬውን ጠየቅከው?»

ይሄን ጊዜ ትእዛዙ ሳቀ። «ጠየቅኩት። ቆሞ አየኝ አየኝና እሱም አያውቅም! ስንት ዓመት ሲያሰለጥን እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ሌሎቹን ጠራ። አንዱ ድሮ እንዲህ ነበር ይላል፣ አንዱ አይደለም ይላል፤ ልምምዱ ቆሞ ሜዳ መሃል ሲከራከሩ ረፈደባቸው። በመጨረሻ ማነው ይሄን የጠየቀው አለኝ። እናቴ አልኩት። የቃሬዛውንም እጄን እያወናጨፍኩ ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ያ ወፍራሙ፣ ከፊት የሚገፋው፣ እናትህ አልተሳሳተችም አለ።»

ይሄይስ ጆሮውን ስልኩ ላይ ሊለጥፍ ምንም አልቀረው። ባንቺ በክርኗ ገፋችው። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወዲያው ድምፅዋን አስተካከለች።

«በል አሁን ደሞ ሌላ አለኝ። ጠርዝ ላይ ወንበር ይዘው የሚቀመጡት፣ ሰው ሲጎዳ የሚተኩት፣ እዚያ ተቀምጠው ሲያዩ ምንድነው የሚያስቡት?»

«ስምንት ናቸው እኮ እማ።»

«እያንዳንዳቸውን ጠይቅ። አልቸኩልም።»